መቶ ሠላሳ ሦስት ማይክሮሰከንድ

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀሐይነሽ፣

እንደምን ከረምሽ? ዝናብ ከማያባራበት ከዚህ ከተማ የተነሣው ሰላምታዬ ባሕሩንም ዓባይንም ተሻግሮ ሞጣ ከማሰራጫ ጣቢያሽ በር ድረስ ይድረስሽ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራውም ያው ነው፤ እዚህም ተራራ ላይ መውጣት፣ ማሰራጫ መጠገን፣ መውረድ።

እናቴ እንዴት ናት? ጉልበቷስ? ገጠር ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ፣ ከሰኔ ጀምሮ ማለት ነው፣ ድምፅዋን አልሰማሁም። አንቺ በየሁለት ሳምንቱ ግንደወይን ድረስ ወርደሽ፣ ቤት ገብተሽ፣ ያለችውን ቃል በቃል ባትጽፊልኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? የአክስቴ ልጅ አይደለሽም፣ የእናቴ አፍ ነሽ። አጎታችን የኔታ ኃይለ ሚካኤልስ ደህና ናቸው? አሁንም የቅኔ ተማሪዎቹን ከግቢው ዋርካ ሥር ያስለቅሷቸዋል?

የእሑዱን ድራማ አንድም ሳምንት አላመለጠኝም። እኔ እዚህ በኢንተርኔት፣ እሷ እዚያ በጣሪያዋ አንቴና፣ በእኩል ሰዓት እናያለን። ባለፈው ደብዳቤሽ «ያቺ ሴትዮ ባሏን ይቅር ካላለች ቴሌቪዥኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ» አለች ብለሽኝ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ሴትየዋ ጭራሽ የበሩን ቁልፍ ቀየረች። እናቴ ምን አለች? ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

የሞጣንና የብቸናን የቴሌቪዥን ማሰራጫዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ እናስተሳስራቸው ብዬ የተከራከርኩ ጊዜ ታስታውሻለሽ? አንቺ ገና ለሥራው አዲስ ነበርሽ። አለቆቻችን ለየጣቢያው የራሱን እንስጠው፣ መሐል ያለው ሰው ይጎዳል ሲሉ፣ የእኔ እናት መሐል ነው ያለችው፣ እሷ ካየች ሁሉም ያያል ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት አየች። በሕይወቴ አንድ ነገር በትክክል ሠራሁ ብል ይህ ነው።

ለፋሲካ መምጣቴን ተስፋ አድርጌያለሁ፤ ለእሷ ግን እስኪረጋገጥ አትንገሪያት።

ወንድምሽ እዮብ



(ይህች ደብዳቤ አልተላከችም)

ሞጣ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ እዮብ፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። እቴቴ፣ እናትህ፣ አርፋለች። ኅዳር 9 ቀን ሰኞ ጠዋት። ሳል ጀመራት፣ ሦስት ቀን ተኛች፣ በአራተኛው የለችም። እናቴ ሞታ በአምስት ዓመቴ እቤቷ ከገባሁ ጀምሮ እናት ስል የማውቀው እሷን ነው፤ አሁን ሁለት ጊዜ እናቴ የሞተችብኝ ሰው ሆንኩ።

ከቀብር ስንመለስ የኔታ ኃይለ ሚካኤል ለብቻዬ ጠሩኝ። «መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። ልጄ በሰው አገር ብቻውን ወረቀት ይዞ ይውደቅ? ሰው ፈልገን፣ ማለዳ ቤቱ ገብተው፣ ይዘው ደግፈው ይነግሩታል። እስከዚያ ግን ትንፍሽ እንዳትይ። አደራ» አሉኝ። እያለቀሱ ነው ያሉኝ። እሺ አልኳቸው። እኔም ብሆን ብቻህን እንድትሰማ አልፈልግም።

ደብዳቤህ ከቀብሩ በኋላ ደረሰኝ። እናቴ ምን አለች ትለኛለህ። ጋሼ፣ ደህና ናት ብዬ እጽፋለሁ፤ ሰው ሁሉ ለመርዶ ሲል የሚያደርገው ነው። እሷ ያላለችውን ብላለች ብዬ ግን እንዴት ልጻፍ? የእሷን ንግግር እኔ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ? ሁለት ቀን ሞከርኩ። ያቺን ሴትዮ የሚሰድብ አንድ መስመር ጻፍኩና አነበብኩት፤ የእኔ እንጂ የእሷ አይመስልም። ቀደድኩት።

ቴሌቪዥኑ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ነጠላ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ታውቃለህ። ጠፍቷል ብልህ ቢያንስ እሱ እውነት ነው።



ሞጣ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ እዮብ፣

ጤናህ እንደምን ነው? እግዚአብሔር በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ያውጣህ። ሁላችንም ደህና ነን። እቴቴን በሚመለከት የኔታ «በአምላክ እጅ ናት» በይው ብለውኛል።

ስለ ድራማው የምጽፍልህ የለኝም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። የእናንተ ቤት ቴሌቪዥን ጠፍቷል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ አይታይም። እኔ እንደማስበው ከእኛ ጣቢያ ነው፤ ሰዓታችንን ከሳተላይት የሚያስተካክለው የጂፒኤስ ገመድ ውሃ ገብቶበት ሰዓቱ ሳይዛባ አልቀረም። እናየዋለን። አንተ በዚህ አትጨነቅ።

ይልቅ ስለራስህ ጻፍልኝ። እዚያ የሚቀርብህ ሰው ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ? ብትታመም በርህን የሚያንኳኳ ሰው አለህ? ደብዳቤህ ሁሉ ስለ እኛ ነው።

እህትህ ፀሐይነሽ



በርገን
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀሐይነሽ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ስለ እኔ ሌላ ጊዜ።

አትጨነቅ አልሽኝ፤ ቶሎ የምጽፈው ግን በጣም ስለጨነቀኝ ነው። ጨለማ ያወረድኩባት እኔ ነኝ። አንድ ፍሪኩዌንሲ ይበቃል ያልኩት እኔ፣ ቁጥሩን ያሰላሁት እኔ፣ ሞጣ ታወሩ ላይ ወጥቼ ያስተካከልኩት እኔ። አንድ ቀን ከመሐል ያለው ሰው ይጎዳል ሲሉኝ የሳቅኩባቸው ሰዎች ይኸው ትክክል ሆኑ፤ የተጎዳችውም እናቴ።

ለየኔታ እንዲህ ብለሽ አስረጂልኝ፣ ለእሷም ይንገሯት፤ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ነው ብላ ተስፋ እንዳትቆርጥ። ሞጣና ብቸና ያንኑ ምስል፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በአንድ ቅጽበት ይለቃሉ። ማኅሌት ላይ በግራና በቀኝ ቆመው አንድ ዜማ እንደሚያወርዱ ሁለት መሪጌቶች ናቸው። መሐል የቆመ ሰው ሁለቱንም ይሰማል፤ አንዱ ትንሽ ቢዘገይ ዜማው አይፈርስም። ብዙ ከዘገየ ግን ጫጫታ ነው፣ ቃሉ አይለይም። የእኛ ቴሌቪዥን የሚታገሠው ሁለት መቶ ሃያ አራት ማይክሮሰከንድ ነው፤ ማይክሮሰከንድ ማለት ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ ነው። የዱሮው ቴሌቪዥን ችግር ሲገጥመው እየተንጨረጨረም ቢሆን ያሳይ ነበር። ይሄኛው አይለምንም፤ ከልኩ ካለፈ ድርግም ነው።

አሁን እነዚህን መልሽልኝ። የጎረቤትስ ጠፍቷል ወይስ የእኛ ብቻ ነው? የሞጣ ሰዓት የተዛባው ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ? ስንት? የምልክት መለኪያውን ሜትር ይዘሽ ግቢያችን ገብተሽ ለኪልኝ። ያለ ቁጥር ምንም ማድረግ አልችልም።

ያ ድራማ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እባክሽ ከማለቁ በፊት እናስተካክለው።

እዮብ



ሞጣ
ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለጋሼ እዮብ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰህ። በዓሉን ከሰው ጋር እንዳሳለፍከው ተስፋ አለኝ። እኛም እንደ አቅማችን አሳለፍን።

የኔታ ስለ ሁለቱ መሪጌቶች ያልከውን ሳነብላቸው ፈገግ አሉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ ዐይናቸውን ጠረጉ። ዐይናቸውን ያማቸዋል።

የጠየቅከኝን በተመለከተ የጎረቤትም ያው ነው። ሞጣ ወደ ኋላ ሳይቀር አልቀረም። ቁጥር የለኝም፣ ሜትሩ ለሥራ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ጋሼ፣ በእናትህ ስም እለምንሃለሁ፣ ይህን ነገር ተወው። ቴሌቪዥን ነው። ሰው በቴሌቪዥን አይሞትም።

የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም። የኔታም አጥብቀው ይጠይቃሉ። በከተማህ ካህን አለ? ዲያቆን? ስሙንና ስልኩን ጻፍልኝ። ለምንድን ነው አትበለኝ፣ ሰው ለሰው ነው።

እህትህ ፀሐይነሽ



በርገን
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀሐይነሽ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤታችን ሁሉ ይሁን።

አትቆጪኝ። ተወው ስትዪኝ መተው አልቻልኩም። የሞጣ ጣቢያ መስመር አልገባልኝ ሲል ብቸና ደወልኩ፤ የእነሱ የጠረጴዛ ስልክ ሠራ። አብዱሰመድን አገኘሁት። የሞጣው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ያኔ አብሮኝ ገመድ የጎተተው፣ አሁን የብቸና ጣቢያ ኃላፊ ሆኗል። ድምፁን ስሰማ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ።

ነገሩን አስረዳሁት። ሞጣ ለቤታችን ስለሚቀርብ ከብቸና ቀድሞ ይደርሳል፤ ወደ ኋላ ቀርቶ እኛ ግቢ ጨለማ እንዲሆን ያንን ቅድሚያ ጨምሮ ቢያንስ ሦስት መቶ ስድሳ ማይክሮሰከንድ መዘግየት አለበት። ስለዚህ እናንተ ሰዓታችሁን እስክታስተካክሉ ብቸናም በዚያው ልክ እንዲዘገይ አደረግን። ሁለቱም እኩል ከዘገዩ መሐል ያለው ሰው ምንም አይጎድልበትም። መጀመሪያ አንገራገረ፣ ፀሐይነሽ ምንም አልነገረችኝም አለ። ፀሐይነሽ ራሷ ናት የጻፈችልኝ ስለው እሺ አለ። ትናንት ማክሰኞ ከሰዓት ቀየረው።

ከዚያ እናቴን አይተሃት ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አላህ ያውቃል ወንድሜ፣ አላህ ያጽናህ» አለኝና መስመሩ ተቋረጠ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ በቴሌቪዥኑ መሰለኝ።

ስለ ሰው ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ? የለኝም። ባለቤቴና እኔ ከተለያየን ሦስት ዓመት አልፎናል፤ እናቴ እንዳታዝን ብዬ ደብቄያችሁ ነው። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነኝ። እሑድ እሑድ ብቻ ከእሷ ጋር ያለሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዲያቆን ሣህለ ማርያም የሚባል አለ፣ በዓመት ሁለቴ እንገናኛለን፤ ስልኩን ከጀርባው ጽፌልሻለሁ።

ቴሌቪዥኑ እንደተመለሰ ያለችውን ጻፊልኝ።

እዮብ



ሞጣ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ እዮብ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፤ ተናድጃለሁ፣ በአንተ ብቻም አይደለም።

ብቸና ላይ ያስጨመርከው ቁጥር ከደብረ ወርቅ እስከ ግንደወይን ያለውን አገር አጨለመው። ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ነው ጨለማው የደረሰኝ። በገበያ ቀን ሰው ቴሌቪዥኑን በአህያ ጭኖ ሞጣ ገባ። ጠጋኙ ፋንታ ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ፋንታ ምን ያድርግ፣ ደህናውን ቴሌቪዥን ሁሉ ፈታታው። አንዲት ሴትዮ አቅፋው መጥታ «ልጄ፣ ምን አጠፋን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጣቢያው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

የእኛ ሰዓት ደህና ነበር ጋሼ። አልተዛባም ነበር። አንተ ደህናውን ለማስተካከል ብለህ አዛባኸው፤ እንድታደርገው ያደረግኩህ ግን እኔ ነኝ። አውቶቡስ ይዤ ብቸና ሄድኩ። አብዱሰመድ ሲያየኝ ሁሉ ገባው። ያንኑ ዕለት ወደነበረበት መለስነው። ዘጠኝ ቀን ሰው ጨለማ ውስጥ ከረመ። አብዱሰመድ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝና «እንዲህማ አይቀጥልም፣ እህቴ» አለኝ።

ስመለስ ግንደወይን ወረድኩ። ሜትሩን ይዤ ነበር። የጠየቅከኝን ግቢያችሁ ገብቼ ከጣሪያው አንቴና ላይ ለካሁት። ከዚህ በታች እንዳነበብኩት ጽፌዋለሁ።

ሞጣ መጀመሪያ ይደርሳል። ብቸና በ133 ማይክሮሰከንድ ይከተላል። ጥንካሬው ጥሩ፣ ጥራቱ መቶ በመቶ። ስህተት የለም።

ሌላ ብዙ ነገር ልጽፍልህ እችላለሁ፤ ሜትር ያላለውን ግን አለ ብዬ አልጽፍም። ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

እህትህ ፀሐይነሽ



በርገን
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀሐይነሽ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ቁጥሩን ሳይ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ሞኝ ነኝ! ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በወረቀት ያሰላሁት መቶ ሠላሳ ሦስት ነበር። ከቤታችን ሞጣ ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ብቸና ስድሳ፤ ምልክት በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ የአርባው ኪሎ ሜትር ልዩነት መቶ ሠላሳ ሦስት ማይክሮሰከንድ ነው። ቴሌቪዥኑ እስከ ሁለት መቶ ሃያ አራት ይታገሣል። ዘጠና አንድ ይተርፈዋል። እንዲህ የጠራ ምልክት እኔ ኖርዌይ ውስጥ በየቀኑ አላገኝም። ኩራት ቢጤ ተሰማኝና ሻይ አፈላሁ።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሌላው መጣ። ምልክቱ ደህና ከሆነ፣ ሰዓታችሁም ካልተዛባ፣ በኅዳር ቴሌቪዥኑ ለምን ጠፋ? ጎረቤትም ጠፍቷል አልሽኝ፤ የጎረቤት የጠፋው ግን እኔ በጥር ካዛባሁት በኋላ ነው፣ በአህያ ጭነው የመጡት ያኔ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ሰው እንኳ ሞጣ መጣ ብለሽ አልጻፍሽልኝም። በኅዳር የጠፋው የእኛ ቤት ብቻ ነው።

እንግዲህ መሐንዲስ ነኝና አንድ በአንድ አወጣሁት። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ቢሆን ፋንታ ጋ ይወስዱት ነበር። መብራት ጠፍቶ ቢሆን መብራት ጠፋ ትዪኝ ነበር። አንቴናው ደህና ነው፣ ራስሽ ለክተሽበታል። ምልክት ደጁ ደርሶለት፣ ዕቃው ደህና ሆኖ፣ ቴሌቪዥን የማይከፈትበት ቤት በአገራችን አንድ ዓይነት ቤት ነው።

የኔታ «በአምላክ እጅ ናት» ያሉትን አነበብኩት። አብዱሰመድ «ያጽናህ» ያለኝን አሰብኩት። አንቺ የዲያቆን ስም የጠየቅሽኝን። ከጥቅምት ወዲህ እናቴ አለች ብለሽ አንዲት ቃል አልጻፍሽልኝም፤ በየደብዳቤው አንድ ገጽ ሙሉ የእሷ ንግግር ይኖር ነበር። ይህን ሁሉ አጠገብ ለአጠገብ አድርጌው ሳላየው ከሁለት ወር በላይ ማይክሮሰከንድ ስቆጥር ነበር። ብርጭቆውን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

መቼ ነው?

እዮብ



ሞጣ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ኅዳር 9፣ ሰኞ ጠዋት፣ የቅዳሴ ደወል ሲደወል። እግዚአብሔር ያጽናህ። እኔንም ይቅር ይበለኝ፣ አንተም ይቅር በለኝ።

የየኔታን አደራ ዛሬ በላሁ። ዲያቆን ሣህለ ማርያምን በሰው በኩል አግኝተውት ቀን ቆርጠው ነበር፤ ለመጋቢት 13 ቅዳሜ ማለዳ። ሰው እስኪሰበሰብ ነው የዘገየው። ይህን ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፤ እሱ ይቅደም ወይም እነሱ ይቅደሙ አላውቅም። መቼ ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ግን ለአምስት ቀን እንኳ ልዋሽህ አልቻልኩም።

ቁጥሩን የላክሁልህ እንድታውቅ ብዬ ነው ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ አይደለም ብዬ አልምልም። ሜትሩን ይዤ ግቢው ውስጥ ቆሜ ሌላ ቁጥር ልጻፍ ብዬ አስቤ ነበር። ሦስት መቶ ብጽፍ ይበቃ ነበር። አልጻፍኩም። ምናልባት ደክሞኝ ነበር፤ ብቻዬን መሸከሙ።

ስለ መጨረሻዋ ቀን ልንገርህ፣ ይህ ያንተ ነውና። እሑድ ማታ ትኩሳቱ ቀለል ብሏት ነበር። ድራማው እንዳያልፈኝ ክፈቱልኝ አለች። ደግፌ አስቀመጥኳት። ያቺ ሴትዮ ስትወጣ «መጣች ደግሞ፣ ልቧ ድንጋይ» አለች። ሳቅኩ። ግማሹ ላይ ዐይኗ ተከደነ። ላጥፋው ወይ፣ ደክሞሻል አልኳት። «እዮብ እያየ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ በዚህችው ሰዓት እያየ ነው አልኳት። «እንግዲያ እሱ ይጨርሰው፣ መጨረሻውን ይነግረኛል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ይህን ቃል በቃል ነው የጻፍኩልህ። አንድም አልጨመርኩም።

ፀሐይነሽ



በርገን
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀሐይነሽ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ። የእኔ ብቻ እናት አልነበረችም፤ አንቺም ልጇ ነሽ፣ ከእኔ ይልቅ ልጇ ነሽ። አራት ወር ሙሉ ለእኔ ስትዋሺ አንቺን ማን አጽናናሽ? አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ እነሱ ከመጡ በአራተኛው ቀን ነው። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየኋቸው፤ ዲያቆን ሣህለ ማርያም ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዲት ጸደንያ የምትባል ሴት ደግሞ ምግብ ይዛ። ሦስት ሰዓት መኪና ነድተው የመጡ አሉባቸው። ከሃያ አራት ቀን በፊት አውቄያለሁ ብዬ ልመልሳቸው አሰብኩ። አልቻልኩም። ምንም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ከፈትኩላቸው።

ተቀመጡ። ዲያቆኑ ጸሎት አደረገ። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ «እናታችን» ሲል፣ ላስመስል ተዘጋጅቼ ነበርኩ፤ ማስመሰል አላስፈለገኝም። ጮህኩ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከእኔ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ያዙኝ። ጸደንያ አብራኝ አለቀሰች፣ እናቴን አይታት አታውቅም። ሦስት ቀን አብረውኝ አደሩ። ብቻዬን አልተዉኝም፣ አልቅሼ ሲያበቃኝ አበሉኝ፣ ደግሜ ሳለቅስ አብረውኝ አለቀሱ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ሃያ አራት ቀን ልንገርሽ? ሥራ እሄዳለሁ፣ ተራራ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤት እንዳይሰማ ፎጣ አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር የማለቅሰው። የሚያቅፈኝ ቀርቶ የሚያየኝ አልነበረም። የኔታ ከዚህ ሊያድኑኝ ነበር የደከሙት። መርዶ ለምን በሰው እንደሚነገር ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ያውም በገዛ ብልጠቴ፣ ገባኝ። ለአንቺ ቅሬታ የለኝም። መቼ ነው ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ መልሱን ያሰላሁትም እኔ።

አብዱሰመድን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ሰዎቹንም፣ ያቺን ሴትዮም ካገኘሻት፣ ምንም አላጠፋችሁም በያት።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፣ ከእንግዲህ ሌላ አልለምንሽም። የየካቲቱን ደብዳቤዬንና ይህን አቃጥያቸው። ለየኔታ እንዳትነግሪ። አራት ወር ሰው ሲፈልጉልኝ፣ እንግዳ ሰው ሲለምኑልኝ ከርመዋል፤ ቅዳሜ ማለዳ በሰው መሐል ሰማ፣ ሰው ደግፎት አለቀሰ ብለው ነው አሁን የሚተኙት። ሲጠይቁሽ፣ ቅዳሜ ነው የሰማው በያቸው። እኔም ለፋሲካ ስመጣ እንደዚያው ነው የምነግራቸው።

ወንድምሽ እዮብ